የንብረት ቆጠራ

ቢሮው ሊፈርስ ነው። ቁጠር አሉኝ፤ ቆጠርኩ።
ቅጹን ዘረጋሁ፣ መነጽሬን ወለወልኩ፤
ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ ይዞታ፣
በስተቀኝ ጠባብ፣ የአስተያየት ቦታ።

ከአቃቂ ወዲያ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ቀርሳ ጨፌ ነው፤ ክረምት ጭቃው ጫማ የሚነጥቅበት።
ሦስት መንግሥት ወንበር ስቧል በዚህ ቆርቆሮ ቤት።
ግድግዳው ሦስት ቀለም ነው፤ በጥፍር ቢጭሩት ይታያል፤
ከሁሉ ሥር ያለው ጭቃ
የጭቃ ሹሙ ዘመን ነው ይባላል።

አንደኛ፦ ማኅተም። ብዛት ሦስት። ይዞታ፣ የደረቀ።
የፊተኛው አንበሳ ነው፣ ዘውዱ በመዳፍ ያለቀ፤
ሁለተኛው ማረሻ፣ ዙሪያውን ጥርስ የታጠቀ፤
ሦስተኛው ባለ ኮከብ፣ እጀታው የተሰነጠቀ።
እንደ ልማዴ እፍ ብዬ ወረቀት ላይ ጫንኳቸው፤
ሐምራዊ ነው የሁሉም።
ለካ አንድ ነው ቀለማቸው።

ሁለተኛ፦ መዝገብ። ክሩ የተፈታ፣ አይጥ የቀመሰው።
በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት አጥቢያ ዳኛው፣ ባላምባራስ ደምሰው፣
በቁም ጽሕፈት አስጽፈዋል፦ «ቀርሳ ወንዝ ሞልቶ ሰው፣
ወርዶፋ ቱሉ የሚባል፣ ከነበቅሎው ስለ ወሰደው፣
ድልድይ ይሠራልን ሲል ሕዝቡ አመልክቷል።»
ከግርጌው በሌላ እጅ፦ «ተመልክተነዋል።»

ገለጥኩ። ስልሳ ዘጠኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣
ጓድ ጣሰው ጉደታ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይወዱ ነበር፦
«የድልድዩን ነገር ሰፊው ሕዝብ በጭብጨባ አጽድቆታል፤
ለከፍተኛው ተልኳል።»
ከፍተኛውም ለበላይ አስተላልፎታል።
በገጹ ጀርባ የስኳር ወረፋ፣ የሳሙና ስሌት፣
ደግሞ አንድ ስም አለ፣ ሁለት ጊዜ የተሰረዘበት።
ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም።
የእናቱ ቤት ቁጥር ግን
ዛሬም ከበሩ አልተነቀለም።

ሁለት ሺህ ሁለት፦ «በዕቅድ ተይዟል፣ በጀት ሲለቀቅ።»
ሁለት ሺህ አምስት፦ «ጥናቱ ሲያልቅ።»
ከዚያ ወረዳው አዲስ ካርታ አመጣ፣ ባለ ቀለም፤
ጣቴን አስኬድኩበት፣ ደግሜ አስኬድኩ፣ ቀርሳ የለም።
«ድልድይ ለምን?» አለ ባለሙያው፣ ያ ልጅ እግር፤
«ወንዝ ሳይኖር?»

ሦስተኛ፦ ጠረጴዛ። አንድ እግሩ ጡብ ነው።
አራተኛ፦ አግዳሚ ወንበር፣ የባለጉዳይ።
ርዝመት ስምንት ክንድ፣ ጽድ፤ የአምናው ቅጽ እንዳለው።
ቦታው ባዶ ነው። እግሮቹ ወለሉን የበሉበት
አራት ጉድጓድ ቀርቷል፤ ግድግዳውም የጀርባ ወዝ አለበት፣
ስልሳ ዓመት «ነገ ና» የተባለ ሰው የተደገፈበት።

«ጉርሜሳ፣ ወንበሩ የት ሄደ?»
ዘበኛው ካፖርቱን ቆለፈ፤ ዝም ብሎ ቁልቁል ወረደ።
ተከተልኩት፣ በሸንበቆው ጥግ፣ በጡብ ፋብሪካው ጀርባ፤
ጫማዬ በጭቃ ተገባ።
የሐምሌ ቀርሳ ደፍርሶ ያጉረመርማል፤
በላዩ አግዳሚው ተጋድሟል።
ከወዲህ ድንጋይ ከወዲያ ድንጋይ፣ በሽቦ ጠፍረውት፤
የዕድሩ ሴቶች ናቸው አሉ፣ በሌሊት የተሸከሙት፤
ፊቱን የያዘችው በዚያ እርጅናዋ
ሽታዬ ወርዶፋ ናት፣ ከነምርኩዟ።
ሰው ሲቀመጥበት ኖሮ ልሷልና እንዳያንሸራትት
አሸዋ ነዝተውበታል፣ አመድ ጨምረውበት።

ተማሪዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ተሻገሩ፤
አንዷ መሐል ላይ ቆመች፦ «ጋሼ፣ ይሸከማል፣ አይፍሩ!»

አልተሻገርኩም። ሥራ ላይ ነኝ።
ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት ቅጹን፤ ካፊያ ወረደ ከሰማይ።
ብዛት፦ አንድ። ይዞታ፦ ደህና።
አስተያየት፦ በአገልግሎት ላይ።

ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ይፈስ ጀመር።
ጉርሜሳ ምንም አላለም፤
ካፖርቱን አውልቆ
ከወረቀቱ በላይ ይዞት ቆመ።