በእንቅርት ላይ

ቢቸና ቅዳሜ፣ ከአህያ ማሰሪያው ጎን፣
ጨው እሸጣለሁ፣ በጣሳ፣ በሚዛን።
የዱቤው መዝገብ አንጓች ነበረች፣
ማን ስንት እንዳለበት በቃሏ የያዘች፤
ገበያው ሳይሞላ ሣቋ የሚቀድማት፣
ነገር የማይረዝማት።

ከዚያ ቀስ በቀስ፣
እንደ ክረምት ጭቃ እግሯን የያዛት ነገር
ወጣ እስከ ምላሷ፣ ከበዳት መናገር።
ድምጿ ጎረነነ፣ ቅንድቧ ሳሳ፣
ቁጭ ካለች ላትነሳ፣
በሚያዝያ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ለብሳ።
ፊቷ ሲነፋፋ «ደልቷታል» አሉ ሰዎች፤
እኔም በሰው መሐል፦ «በላች፣ ጠግባ ተኛች!»
አልክድም፣ ብያለሁ።
ሣቃቸውንም ተቀብያለሁ።

አንድ ሌሊት ታዲያ ጆሮዋን ይዛ ወጣች፦
«ከጨው ጆንያው ውስጥ ሰው አለ፣ ስሜን ይጠራል» አለች።
አማቴ ዛር አለች፣ ወንድሟ ድግምት፤
ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቅናት።
በስምንተኛው መሪጌታ ዋሴ እጇን ይዘው፦
«ጋኔንስ ይጮህ ነበር፤ ይቺን ብርድ ነው የያዛት፤
ጠበሉን ሳትተው፣ ልጄ፣ ሐኪምም ይያት።»

ደብረ ማርቆስ፣ ልጅ እግር ሐኪም፣
አንገቷን ዳሰሰ፣ ብዙም አልጠየቀም።
እንቅርት በእኛ አገር እንደ ማተብ ነው፤
አንገት ላይ ይኖራል፣ ማን ልብ ሊለው!
«እዚች ጋ» አለኝ፣ «ቢራቢሮ የመሰለች ዕጢ አለች፣
ለአንጎል በየቀኑ ደብዳቤ ትጽፋለች፤
ሆርሞን እንለዋለን። ደብዳቤው ሲቀር
አንጎል ይጨልማል፣ እንደ ተረሳ አገር፤
ሰው ያዝናል፣ ይዘነጋል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል።
ቀለሟ አዮዲን ነው፤ ከጨው ይገኛል።»

ከጨው።
ስንት መቶ ጆንያ ያራገፍኩት ሰው፣
ርካሹን መርጬ፣ አዮዲን የሌለው፣
ለገበያው ሁሉ፣ ለቤቴም የሰፈርኩት ሰው።
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርት፣ ስንሥቅ፣
ለካ እንቅርትም ጆሮ አለው፣ ጨው ሲጣራ የሚያውቅ።

አሁን በየጧቱ፣ በባዶ ሆዷ፣ አንዲት ነጭ ክኒን፣
የጨው ቅንጣት የምታህል።
በሁለተኛው ወር ጣለች አንዱን ጋቢ፤
ጆንያውም ዝም አለ።

በሰኔ ገበያ መጣች፣ ከጎኔ ተቀመጠች፤
አንድ ጎረምሳ ሲያልፍ አይታ፦
«ያ የየትዋለ ልጅ ሁለት ጣሳ አለበት፣
ከአምና ጥምቀት» አለች።

ከዚያ ዞራ አየችኝ።
አየችኝ፣ ቆየች።
የኔን ዕዳ ግን አልጠራችም።
ጣሳውን አነሣሁ፤
ባዶውን ከበደኝ።