የሚያስለው በግ

መሐል ሜዳ ወጣን፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ለእታፈራሁ ደብተር፣ ለዩኒፎርም መስፊያ።
በጉ ለዓይን ሙሉ ነው፣ ላቱ እንደ ትራስ፣
ገዢ መጣ ቶሎ፣ ላቱን የሚዳብስ።
ዘጠኝ ሺህ ሊሰጥ ነው፣ እጁ ኪሱ ገብቷል፤
የእኔ ልብ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን ቆጥሯል።

ሸዋንግዛው ግን ጉሮሮውን ጠረገ።
«ወንድም ዓለም፣» አለ፣ «ማታ ማታ ያስላል።»
ሰውየው እጁን ከኪሱ አወጣ፣
ባዶውን።

«አልጠየቀህ!» አልሁት፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣
«ዝም ማለት ውሸት ነው? በየትኛው ፍርድ?»
እሱ መልስ አልሰጠም። በጉ ግን በመሃል
ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ቆም ብሎ ያስላል፣
እንደ ተከፈለው ምስክር።

ማታ ከኩራዙ ፊት፣ አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም፣
«ሲሳየነ» ላይ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤
እግዜርም ይስማኝ፣ ባሌም።

ሌሊት፣ ብርዱ ሲጠና፣ በሩ ሲጥ አለ።
የገዛ ባናውን ይዞ ወጣ፤
ከጋጣው ሲመለስ ትከሻው ባዶ ነው።
ጀርባዬን ሰጠሁት። እግሩ በረዶ ነው።

ሰኞ፣ ያምናውን ቀሚስ ጠርዙን ተርትሬ
ሁለት ጣት ሳስረዝም፣ መርፌ እንደ ነከስሁ፣
ጌጤነሽ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ፦
«በጉ አልተሸጠም አሉ፤ ብሩ በእጄ ነው፣
ለእኔ አታደርጊውም?»

መርፌውን ከጥርሴ አወጣሁ።
ልዋሽ እንኳ አይደለም፣ ዝም ልል ነበረ።
«ያስላል» አለ አፌ።
ማን አባቱ ይሆን አፌን ያስተማረ?