እስኪመለስ ድረስ

ማንኮራፋቱንስ ለምጄው ነበረ፤
ልጅነቴ ከወፍጮ ቤት አጥር ሥር አደረ።
የሚያስፈራኝ ሌላ፣
የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው፣ ከጩኸቱ ኋላ።

ወፍጮው ድንገት ይቆምና
ደረቱ ብቻ ይታገላል፤ አየር የለም፣ መንገድ የለም።
እኔ ጨለማው ላይ ዓይኔን ተክዬ
ስፌት እንደምቆጥር እቆጥራለሁ፤ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣
(ሃያ ሦስት ደርሻለሁ አንድ ሌሊት)
ከዚያ ከጣና እንደወጣ ሰጣሚ አጓርቶ ብቅ ይልና
ይተኛል። ሲነጋ እጠይቀዋለሁ፤ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና!»

ቢምረው ሾፌር ነው፣ ከአዘዞ ፒያሳ፤
ሰው ሲጭን ሲያራግፍ፣ ሲወድቅ ሲነሳ።
በቀደም ማራኪ ጋ ወራጅ አውርዶ በሩን ሲዘጋው፣
መሪው ላይ ተደፍቶ ረዳቱ አገኘው።
«ሞተሩ ይሁን ጋሼ» ይላል ልጁ፣ አሁንም እየሳቀ፣
«የቱ እንዳንኮራፋ ማን አወቀ!»
እኔ አልሳቅኩም። ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ።

ጎረቤት መድኃኒት አያልቅበትም።
እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዙ፤
ዝንጅብሉን ጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ዋጠ፤
ቤቱ ሸተተ እንጂ ትንፋሹ አልተለወጠ።
እናቱ ጠበል አሉ፤ ሄድን፣ ሱባኤ ያዝን፤
በሦስተኛው ሌሊት፣ ከቆርቆሮው አዳራሽ፣
እንዲያ ሲያጓራ ጊዜ ጠበልተኛው ሁሉ ብድግ፤
«ጮኸ! ጮኸ! ለቀቀ!» እልልታው ቀለጠ።
እሱ ደንግጦ ነቃና ጫማውን ፈለገ።
እምነቴን አልነካም፤
ሳቄ ግን፣ ማርያምን፣ እስከ ዛሬ አላባራም።

እኔም ከሙያዬ፣ የልጃችንን የካልሲ ኳስ
ካናቴራው ጀርባ ላይ ኪስ አበጅቼ ሰፋሁት፤
በጀርባው ሲጋደም እንዲቆረቁረው።
እውነት ለመናገር ሠርቷል፤ በጎኑ ሲያድር
ቁጥሬ ከሃያው ወርዶ ስምንት ላይ ቀረ።
ግን ውድቅት ላይ በእንቅልፍ ልቡ አውልቆ ይወረውረዋል፤
ጠዋት ልጁ «ኳሴን!» ብሎ ያለቅሳል።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ጉሮሮ ሳለች፤
ለእኔ ገበር ነው፣ ልል ገበር፣ ሰውነት ሲዝል የሚታጠፍ።
«ውፍረት ቀንስ» አለች፣ «የማታ አረቄ ይቅር፤
ጥርስ ላይ የሚገባ፣ አገጭ ወደ ፊት የሚስብ አለ፤
ቀዶ ጥገናም አለ፤ ለሚሆነው ሰው ይሆናል።
ያንተ ግን ከባድ ነው።
ያንተ መጀመሪያው፣ አየር የሚገፋው ማሽን ነው።»
ዋጋውንም ነገረችን።
ቢምረው በጎማ አሰላው፣ እኔ በቀሚስ፤
ስንት የሙሽራ ጥልፍ፣ ስንት ሌሊት ዓይን!
አረቄው ቀረ። ሆዱም ትንሽ ጎደለ።
ቁጥሩ ግን እንደነበረ አለ።

በስተመጨረሻ ከአራዳ አመጣነው፣ ከሟች ነጋዴ ቤት፣ በግማሽ ዋጋ፤
ጭንብሉን አዲስ ገዛን፤ «የሙት አፍንጫ አልወርስም» ብሎ።
ሲያጠልቀው ዝሆን መሰለ፤ ልጁ አልጋ ሥር ገባ።
ሦስት ሌሊት «አፈነኝ» እያለ አውልቆ ጣለው፤
በአራተኛው ረሳው።
ሽሽሽ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም።
እኔ በልማድ እስኪነጋ ቆጠርኩ፤ የምቆጥረው ግን አልነበረም።

ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ዝናቡ አባራ። ጭንብሉን ከፊቱ ገፈተረ።
በስልኬ ብርሃን ካናቴራውን ከሳጥን ሥር ፈልጌ
ከነኳሱ አለበስኩት፣ እንደ ሕፃን፣ ክንድ በክንድ፤
ወደ ግድግዳው አዞርኩት።
ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ድፍን ያለ ጨለማ፤
ውሻ እንኳ አይሰማ።
«ቢምረው» ብለው ሲሰይሙት እናቱ ምን ታይቷቸው ይሆን?
አንድ፣ ሁለት፣
ስድስት፣
ሰባት፣
መብራቱን ይሁን ትንፋሹን፣ የቱን እንደምጠብቅ እንጃ፣
እስኪመለስ ድረስ።