ማሳው

ለሦስተኛ ጊዜ በገመድ ተጎትታ፣
መጣች ግራጫዋ ቫን፣ ዊኒፔግ፣ ወደ ማታ።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው፤
ትንፋሼ ነው ጢሜን ዱቄት ያለበሰው።

ሮዛሊንዳ ወረደች፣ ነርስ፣ ሌሊት የምትሠራ፤
«ቀጥ ይልብኛል ሞተሩ፣ አረንጓዴው ሲበራ፤
ኋላዬ ጥሩንባ፣ ፊቴ ባዶ መንገድ።
ዛሬስ ምን ልትቀይር?» አለች፣ ሳትፈርድ።

እውነቷን ነው። ያኔ ስካነሩን ሰክቼ፣
«ክራንክ ሴንሰር» ሲለኝ የክራንኩን አውጥቼ፣
«ካም ሴንሰር» ሲለኝ እሱንም ነቅዬ፣
«ኦክስጅን» ሲለኝ «በቃ፣ ያ ነው» ብዬ፣
ሦስቱን ምስክሮች ቃል እንኳ ሳልሰማ፣
ወረወርኳቸው ከበርሜሉ ጨለማ።

አራት መቶ ስልሳ ዶላር። ደረሰኙ አለ።

ዛሬ ስካነሩ መሳቢያ ውስጥ ይደር።
አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ባኖር፣
ሌላውን ሞተሩ ገላ ላይ አሳርፌ፣
«አስነሺ!» አልኳት። ቁልፉን ጠመዘዘች።
ዜሮ መሆን ያለባት ቁጥር ወጣች፣ ወጣች፣
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ላይ ቆማ አፈጠጠች።

ባትሪን ከመኪና ገላ የሚያስረውን፣
«ማሳ» ይለው ነበር ጋሽ አጥናፍ፣ ሽቦውን።
ከጣልያን የተረፈ የጋራዥ ቃል ነበር፤
እኔ ግን ልጅ ሆኜ እርሻ መስሎኝ፣ አፈር።
«ማሳው ከታመመ» — ከካሚዮን ሥር ተኝቶ —
«ዘሩን አትስደበው።» ግንባሩ ዘይት ጠጥቶ።

ጎንበስ አልኩ። ከባትሪው ሥር፣ ከፕላስቲኩ ኋላ፣
የመንገድ ጨው ሲልሰው፣ ሲልሰው፣ ሲበላ፣
አረንጓዴ አመድ ሆኖ መዳቡ ረገፈ፤
ሦስት ክር ብቻ ነው በሕይወት የተረፈ።
ሲሞቅ ይጨብጣል፣ ሲበርድ ይለቃል፤
የላኩትን እውነት ውሸት አርጎ ያቀብላል።
ጨው ለራስህ ጣፍጥ ይባላል፤ ይኼኛው ግን
ለማንም አልጣፈጠ፣ በላ እንጂ ብረቱን።

ፋቅሁ። አዲስ ካቦ አሰርኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ።
ሞተሩ ሳያስል ተነሣ። እኔም ዝም አልኩ።
«ታዲያ ከሦስቱ የቱ ነው የዋሸኝ?» አለች።
«ደረሰኙን እዪው፤ ከግርጌው ፊርማ አለች።»
አየችኝ። ከዚያ ሰዓቷን። ከዚያ በሩን።

ስትሄድ በርሜሉን ዘንበል አድርጌ፣
ከጎማ ቁራጭ መሃል ሦስቱን ፈልጌ፣
በሱሪዬ ጠርጌ፣
አንድ በአንድ ለካኋቸው፣ በኦም፣ በቮልት።
ሁሉም መለሱልኝ።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።