ፊቱ ወደ ውስጥ

ከሙጥራሕ ገበያ፣ ከወደቡ ጀርባ፣
ፀሐይ በቆርቆሮ ቀዳዳ ስትገባ፣
ስሜ አንጓች ነበረ፤ ኻልፋን "አንጂ" ይለኛል፤
ምላሱ ሲደክመው ፊደል ቆርጦልኛል።
የጥርስ ቡሩሽ ይዤ፣ በህንድ እንዶድ አረፋ፣
አጥባለሁ፣ የብሩ ጥቁረት እስኪጠፋ።
የማን አያት ላብ ነው? የማን ሠርግ? የማን ዕዳ?
ሁሉም አንድ ይሆናል ሲወርድ በገንዳ።

ብሩም የኛው ብር ነው፤ ጠገራ ነበረ፤
ባሕር ተሻግሮ ነው እዚህ የከበረ።
ያች ጠገራው ላይ ያለች፣ ደረተ ሰፊ ሴት፣
ቀልጣ ድሪ ሆና ታቅፋለች አንገት።

ማክሰኞ። አንዲት ልጅ ገባች፣ ጥቁር ዐባያ፤
ስልኳን አስቀመጠች ከሚዛኑ አቅራቢያ።
ከቦርሳዋ አወጣች የብር ክታብ ቤት፣
ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የታተመበት።
"የአያቴ ነው" አለች፣ "ማጥለቅ እፈልጋለሁ፤
ግን መንገድ ላይ ሰው ሲያይ፣ እኔም ዐይኑን አያለሁ።
ዜናውን ታውቃለህ። ስንቴ ላስረዳቸው?
ፋቀው። ልሙጡን ይዩና ይረፍ ምላሳቸው።"

ኻልፋን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
በሌባ ጣት ነካው፣ "ሱለይማን ነው" ብሎ፤
"የነቢዩ ማኅተም፤ ጂን ያሰረበት፣
ነፋስ የታዘዘው፣ ወፍ ያወጋበት።
የእናቴ ሣጥን ላይ፣ የጀልባችን ፊት፣
ይኸው ነበር፣ ልጄ፤ ማን ጠየቀው አባት?"

ጄታላል ከወናፉ ቀና ሳይል ሳቀ፤
አመዱን በሽቦ ስድስቴ ሠነጠቀ፦
"ሽቅብ ያለው ሺቫ፤ እሳት ነው፣ ሲነድ፤
ቁልቁል ያለው ሻክቲ፤ ውሃ ናት፣ ስትወርድ።
ሰው ጠብ ይመስለዋል፣ ሲጠላለፉ አይቶ፤
ጋብቻ ነው እኮ፣ በሩ ተዘግቶ።"

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች።
"እኔ ግን መንገዱን የምሄደው ብቻዬን ነው።"

ሞረዱ እኔ እጅ መጣ።
ኻልፋን እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥመው ለኔ ነው የሚሰጠው፤
ጣቴ ቀጭን ስለሆነ ነው ይላል።

አባቴን አየሁት፣ በእጁ ላይ መቃ፣
በጥቁርና በቀይ ሌሊት የሚነቃ፤
ኮከቡን ሲሥለው፣ መሐሉ ላይ ዐይን፣
ሰሎሞን በመረብ ሲያጠምድ አጋንንትን።
ጠቅልሎ፣ በቆዳ፣ አንገቴ ላይ አሰረ፤
ከሸክላ ሠሪዎች ዐይን ሊጠብቀኝ ነበረ።

ከወንዝ ማዶ ያሉት። ጅብ ይሆናሉ የምንላቸው።
ቅዳሜ እሳት የማያነዱ።
በሰባት ዓመቴ፣ በአንድ ሌሊት ሄዱ።
ጎጇቸው ገባሁ። አንድ የድስት ክዳን ቀርቷል፤
ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር የተሣለ፣
ስድስት ጫፍ፣
ያው፣
አንገቴ ላይ ያለው።

ለማን ይነገራል? አባቴ ቢሰማ
ክዳኑን ይሰብራል፣ ወይ ክታቡን።
ሁለቱንም ፈራሁ።
ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። ሲሰጥም
ኮከቡ ወደ ላይ ነበር።

ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ነው፤ መታዘዣ ብቻ።
"ቢፋቅ ይሳሳል" አልኳት፤ "ቢሳሳ ይቀደዳል።
ገልብጠሽ አድርጊው።"
ሽቦውን ፈታሁ፤ አዞርኩት፤
ጀርባውን ወደ ሰው፣ ፊቱን ወደ ውስጥ።
ኻልፋን ሊከራከር አፉን ሲከፍት፣
ጄታላል ወናፉን አጮኸው።
ሁለት ሪያል ከፈለች። ወጣች።

ሐሙስ ተመለሰች።
ሐምሌ ነው፤ ባሕሩም ያልበዋል።
ከመጋረጃው ጀርባ አንገቷን ገለጠችልኝ፤
ከአጥንቷ ሥር፣ ቆዳዋ ላይ፣
ስድስቱም ጫፍ፣ ቀላ ብሎ፣ ታትሟል።
እኔን አየችኝ። የኔን አንገት አየች፤
ማተብ ያረፈበትን የቆየ መስመር።

"ምን ሆነ?" አለ ኻልፋን ከወዲያ።
"ሰንሰለቱ ላልቶ ነው" አልኩት፤
አንድ ቀለበት ቀነስኩ።