መሬቱ ያውቀኛል

ደብረ ብርሃን፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ነፋስ በሚጣደፍበት ጥግ ላይ፣
ወረቀቴን በድንጋይ ተጭኜ፣ እጄን በትንፋሽ እያሞቅሁ እስክትወጣ ፀሐይ፣
ራፖር እጽፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት።
ሰው እንባ ያመጣል፤ እኔ እመልስለታለሁ፣ ቁጥርና አንቀጽ ያለበት።

አንድ ጠዋት ዶክተር ትርሲት መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ጋቢ ደርባ፤
ባለጉዳይ ወንበር ላይ አረፈች፣ ጉዳይ ሳይኖራት፣ ደብተሯን አቅርባ።

የምታጠናው የሩቅ ነው። አሜሪካ ገና ስሟ ሳይጠና፣
ያገሬው ሰው ተናግሮት የባሕር ማዶ ቄስ የጻፈው ኑዛዜ።
«ሁሉም አንድ ዓይነት ያለቅሳሉ» አለች፣ «ባንድ አፍ፣ ባንድ ቃና፤
እንባው የማን እንደሆነ እንጃ፣ የሰውዬው ይሁን የብዕሩ።
አንዱ ብቻ፣ ንስሐው መሀል፣ ወንዝ ጠራ፣ ወንዝ ያገሩ፤
ቄሱ ትርጉም ቢቸግረው፣ እንዳለች ጻፋት፣ ከነድምጿ።
ይኸው ሦስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ከገጹ ሁሉ የምትናገር እሷ።»

ቀና ብላ አየችኝ።
«አንተስ፣ ስትጽፍ፣ ምኑን ነው የምትተወው?»
«ትርፉን» አልኋት፣ ስቄ። «ዳኛ የሚወደው
አጭሩን ነው።»
ሄደች። ሳቄ ግን ማታ አብሮኝ ገባ፣ ትራሴ ላይ ቀዘቀዘ።

ወይዘሮ አሰገደች ትዝ አለችኝ፣ የጅሩዋ፣
በሁለት ጥማድ ጥቁር አፈር ከባሏ ወንድም የተሟገተችዋ።
«መሬቱ ያውቀኛል» ብላኝ ነበር። «ክረምት ስሄድበት እግሬን ይዞ
አልለቅም ይላል፣ እንደ ልጅ። ባሌ የሞተ ዕለት አብሮኝ ዋለ፣ ፈዞ።»
እኔ የጻፍሁት፦ «እኔ አመልካች በእጄ አድርጌ የምጠቀምበት ይዞታ፣
በሰሜን በመንገድ፣ በምሥራቅ በቦይ የሚዋሰን...»
ሌላም፣ ሌላም፣ ተርታ በተርታ።

ተፈረደላት። በኔ ቃል ረታች።
ውሳኔው ሲነበብ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣
«አንተ፣ ይቺ አመልካች የሚሏት ሴትዮ ማን ናት?» አለች።

ዛሬ ግልባጩን ከካርቶን ሥር አወጣሁት፤ ጥጉን አይጥ በልቶታል።
በእርሳስ፣ ኅዳጉ ላይ፣ «መሬቱ ያውቀኛል»
ብዬ ጻፍሁ።
ለማን እንደሆነ አላውቅም። መዝገቡ ተዘግቷል፤
ሴትዮዋም ካረፈች ቆይቷል።

አንድ ሽማግሌ፣ ከጣርማ በር፣ በግ የጠፋባቸው፣
ቆመዋል ከፊቴ፣ አቧራ ለብሶ ጫማቸው።
ብዕሬን አነሣሁ።
«ይበሉ» አልኋቸው፣ «ከትርፉ ይጀምሩ።»