ምርጫ አንድ

ኅዳር ሲጋመስ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጩ ቧንቧ አንቆ፣
ቅጹን ልሞላ ስል እስክሪብቶው ቆመ፣ ቀለሙ ተጣብቆ።
በእስትንፋሴ አሞቅኩት፣ በመዳፌ አሸሁት፤
መስመሩ ብዙ ነው፤ አንደኛውን ግን ገና ሳይታተም በልቤ ሞላሁት፦
ሐዋሳ።

ለምን? ያኔ ያልተናገርኩትን ዛሬ ልናገር፤
የመምህር ዝና፣ የቤተ መጻሕፍት ስፋት አልነበረም የኔ ነገር።
የጎረቤታችን ልጅ ሸዋንግዛው ለፋሲካ ወርዶ
አንድ ፎቶ ይዞ መጣ፣ በስልኩ አጥምዶ፦
ሸሚዙን አውልቆ፣ ጀልባ ጫፍ ተቀምጦ፣ ጥርሱ ጆሮው ደርሶ፣
ከኋላው ውሃ፣ ከውሃው ኋላ ውሃ፣ ሰማዩን ለብሶ።
እኔ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ ነው ያደግኩት፣
ጠዋት ፊቱን የታጠበን ሰው «ጀግና» እያልኩ የኖርኩት።

አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አነበበ።
«አዲስ አበባ እያለ፣ ጎንደር እያለ፣ ምን ፍለጋ ሐዋሳ?»
ምላሴ ቀደመችኝ፦ «አባዬ፣ ስለ ዓሣ፣
ስለ ዓሣ አጥብቀው የሚያስተምሩት እዛ ነው።»
እሱ በዕድሜው ዓሣ የቀመሰው አንዴ፣
ያውም የቆርቆሮ፣ በሁዳዴ።
መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፤
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጄ»
ሳቅ አለና ቅጹን መለሰልኝ።

ምደባው ሲወጣ ሐዋሳ ደረሰኝ፤
ነጥቤ ለምህንድስና አንሶ፣ ውሸቴ ራሱ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ፦
የዓሣና የውሃ ሀብት ትምህርት ክፍል።

የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶው ውስጥ ኖርኩ።
ከክፍል ስወጣ ፍቅር ሐይቅ፣ ሳምቡሳ፣ የማታ ነፋስ፤
አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ፣
ያየኛል ዓሣዬን በልቼ እስክጨርስ።
ወባ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጣ ጣለችኝ፤
ያንን ግን ፎቶ አንስቼ ለማንም አልላክሁ።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የፋሲካ ማግስት።
አገሩ በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቷል፤ የአልጋ ዋጋ እጥፍ ነው፤
ባጃጁ እንደ ንብ፣ ጀልባው እንደ ሠርግ ቤት።
እኔ ረጅም ቦት አጥልቄ፣ ከዓሣ አጥማጁ ዳንጊሶ ጋር፣
ቁጥር የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ይዤ፣ ቄጠማው ሥር፣
ጥቁርና ነጭ ሰሃን በገመድ ወደ ውሃው አወርዳለሁ፤
ከዓይኔ የት ላይ እንደምትሰወር ገመዱን ቆንጥጬ እለካለሁ።
አምና ከዚህ ወዲያ ነበር።
ዘንድሮ ገና አወረድኳት ሳልል ጠፋች።
ዳንጊሶ መረቡን አሳየኝ፤ ሦስት ቆሮሶ፣ መዳፍ የማይሞሉ።
«ድሮ ይሄን እንመልሰው ነበር» አለ።
አልመለሰውም።

ጀልባ ተጠጋን። ደረቱን የገለጠ ልጅ ስልኩን ዘረጋልኝ፦
«አንዴ አንሳን፣ በናትህ! ተማሪ ነህ? ታድለህ፣ ሁሌም ዕረፍት!»
አነሳሁት። ጥርሱ። ከኋላው ውሃ፣ ከውሃው ኋላ ውሃ።
ፎቶ ጥልቀት አያሳይም።
የትኛው ብርዳም ከተማ፣ የማን ልጅ፣
በዚህች ፎቶ ቅጹን ይሞላ ይሆን?

ገና ከውሃው ሳልወጣ አባቴ ደወለ፤
ከሰላምታው ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚለውን አለ፦
«ዓሣው ደህና ነው?»
ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና» ነው ስለው የኖርኩት።
«አይደለም፣ አባዬ» አልኩት።
«ውሃው እየደፈረሰ ነው።»
ዝም አለ። መነጽሩን ሲጠርግ የሰማሁ መሰለኝ።
«ዘንዶውን አገኘኸዋ።»

ልመልስለት ስል ጀልባዋ ሙዚቃዋን ከፍ አድርጋ ዞረች፣
ማዕበሏ ቦቴን ሞላው።